ፈቃድ የማይጠይቅ ድንኳን

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ማታ

ዛሬም ያንኑ መመሪያ። ከርዕሱ ጀምሬ እስከ ፊርማው ቦታ ድረስ እንደገና ታይፕ መታሁት። ጣቶቼ በካርቦን ጠቁረዋል፤ በሳሙና ባሽ አልለቅ አለ። ደብተሬ፣ ገጽሽን ካቆሸሽኩት ይቅር በይኝ። የመ/ቤት እድፍ ነው።

ስሙን ልንገርሽና ሳቂ፤ «የጊዜያዊ መጠለያ ግንባታ ፈቃድ አሰጣጥ መመሪያ»። የሚጽፈው አለቃዬ ነው፣ ኢ/ር ታምራት፣ የወረዳችን የግንባታ ክፍል ኃላፊ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። አንቺ ላይ ስጽፍ ግን «እሱ» ነው፤ እዚህ እንኳ ልረፍ። አንዲት ሰረዝ በቀየረ ቁጥር ሙሉውን ያስመታኛል። በክፍሉ ያለሁት ታይፒስት እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማን አቤት ልበል?

መመሪያው የሚመለከታቸው ሰዎች ከቢሮው መስኮት ይታያሉ። ከመንገዱ ማዶ፣ የመጋዘኑን አጥር ተደግፈው ላስቲክ ወጥረው የሚኖሩት። ከአሰብ ተፈናቅለው ሲመጡ ለጥቂት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። ይኸው ዓመታት። አሁን የመጋዘኑ ባለቤት አጥሩን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ነው። ልቀቁ ብሏቸዋል። እነሱም ለክረምቱ ብቻ ላፍቶ ያለው ሜዳ ይሰጠን ብለው ለወረዳው አመለከቱ። ሜዳው የእኔ ቤት ፊት ለፊት ያለው ነው። ኳስ ይጫወቱበታል፣ በግ ይግጥበታል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ከእነሱ አንዷ፣ ሙሉ የምትባለው፣ ዛሬም መጣች። ሌሎቹ ወክለዋታል። ረጅም ሴት፤ ነጠላዋ ሁልጊዜ ታጥቦ የነጣ። ባሏ ገብሬ ወደብ ላይ ዕቃ ጫኝ ነበር፣ አሁን ሳንባውን ታሟል። ሐኪሙ ደረቅ ቦታ ይተኛ ብሎ ሰድዶታል። ደረቅ ቦታ! በሰኔ!

ኢ/ሩ ቁጭ በይ እንኳ አላላትም። ላስቲክ ከሆነ ግንባታ ስላልሆነ ፈቃድ አይሰጠውም አላት። ጭቃ ከሆነ ደግሞ ቋሚ ነው፣ የይዞታ ማስረጃ ይጠይቃል። ታዲያ ጊዜያዊው የትኛው ነው ብላ ጠየቀችው። እሱ ገና እየተጠና ነው አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሙሉ አመስግና ወጣች። 

ሐሙስ፣ ሰኔ 6፣ ምሳ ሰዓት

ቢሮ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ጫማዬ ውስጥ ውኃ። ታክሲው ሙሉ ስለሆነ ከሳሪስ በእግሬ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።

ከመንገዱ ማዶ እነ ሙሉ ጋ፣ እሷ በቆርቆሮ ቁራጭ ውኃ እየጠረገች ነው። የጠረገችው ተመልሶ ይገባል። እንደገና ትጠርጋለች።

ጠዋት ኢ/ሩ አዲስ አንቀጽ ይዞ መጣ። «ለሠርግና ለሐዘን የሚተከል ድንኳን ይህ መመሪያ አይመለከተውም።» ከበላይ ተነስቶ ነው፤ ነገ ሰው ሊድር ሲል ፈቃድ አምጣ ቢባል ጉድ ይፈላል። ስንት ቀን ለሚቆይ ድንኳን ብዬ ልጻፍ አልኩት። ሳቀብኝ። «ወይዘሮ ጽጌ፣ ይሄ ይጻፋል እንዴ? ማን የማያውቅ አለ?» እውነቱን ነው። የለቅሶ ድንኳን በሦስተኛው ቀን እንደሚነሳ የማያውቅ የለም። ቀን ሳልጽፍ መታሁት። ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ተባዛ። ተገላገልኩ።

ለመጸዳጃ ጉድጓድ ርቀት፣ ለአጥር ከፍታ፣ ለበር ስፋት አንቀጽ አለ። ለሚያስል ሰው የለም።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፍልሽ። ጽሕፈቴ ከተበላሸ ለዚያ ነው።

መመሪያው የአካባቢው ነዋሪ ይስማማ ስለሚል በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ በእንግዳ ተቀባይነታችን ጀመረ፤ ረጅም ውዳሴ። ከዚያ አስተያየት። የተነሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «እኔ ሰዎቹን ጠልቼ አይደለም፣ ግን...»። ግን ተስቦ ያመጣሉ። ግን ሌባ ይበዛል። ግን ልጆቻችን የት ይጫወቱ። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ አንገቷ ላይ ትልቅ መስቀል። እሷ የፈራችው የሰፈሩን መልክ ነው። እንግዳ ሲመጣባት በላስቲክ መሐል አልፎ እንዲገባ አትፈልግም። ተጨበጨበላት!

ሙሉ ከኋላ ቆማ ትሰማለች። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም።

ተነስቼ ጮህኩ። የተናገርኩትን በቅጡ አላስታውሰውም፤ ጾም ላይ ነን፣ እግዜርን በምን ዓይናችሁ ነው የምታዩት ያልኩ ይመስለኛል። ወ/ሮ ጽጌ ስሜታዊ አይሁኑ ተባልኩ። ድምፅ ተሰጠ። የደገፍነው በጣት የምንቆጠር። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደጀኔ እጃቸው ወደ ላይ ጀመረና ጆሯቸው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ጆሯቸውን አከኩ። ጋሽ ደጀኔን እወዳቸው ነበር። ዛሬ እሳቸውም አስጠሉኝ።

ሊቀመንበሩ ሲዘጋ የነዋሪውን ዲሞክራሲያዊ ተሳትፎ አመሰገነ። አስካለ በር ላይ ጠብቃ ጃንጥላዋ ሥር አስገባችኝ፣ እንዳልበሰብስ። ቤት ድረስ አደረሰችኝ። ይህቺን ሴት ምን ልበላት?

ዓርብ፣ ሰኔ 14፣ ማታ

ከሥራ ስወጣ ብርድ ልብስ ይዤ ወደ አጥሩ ተሻገርኩ። ሙሉ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች። ገብሬ ብቻውን፣ ካርቶን ላይ፣ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ። ሲያስል ላስቲኩ ይርገበገባል። አጎንብሼ ገባሁ። ሽታው እርጥበት፣ ጭስ፣ የታመመ ሰው።

ያወራኝን መጻፍ ይከብደኛል። የሙሉ እናት ሞተዋል። ወልድያ። ባለፈው ዓመት። አንድ የአገራቸው ሰው መንገድ ላይ አግኝቶት ነገረው። ሙሉ አታውቅም። ዛሬም ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ጋ እወስድሃለሁ ትለዋለች፤ የእናቷን ቤት ምድጃ፣ የእናቷን ጓሮ ትነግረዋለች። እሱ እሺ ይላል።

ለምን ደበቅካት አልኩት። ሳል ያዘው፣ ጠበቅኩት። «እትዬ ጽጌ፣ መርዶ እዚህ ይነገራል? ማን በር አንኳኩቶ ይግባ? የት ተቀምጣ ታልቅስ? ለቀስተኛው የት ይቁም፣ መኪና መንገድ ላይ? ቤት ሲገኝ እነግራታለሁ ብዬ ነው።»

 ሙሉ ጀሪካኑን ይዛ ስትመጣ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ለብርድ ልብሱ መርቃኝ እናትሽን ያኑርልሽ አለችኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አሜን አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ሥራ ግማሽ ቀን። ልብስ አጠብኩ፣ አይደርቅም።

ደብተሬ፣ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ቀፈፈኝ። አልጽፈውም።

እሺ ልጻፈው። የእድራችን ዕቃ ቤት እኔ ግቢ ውስጥ ነው። ድንኳኖቹ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። አባል ነኝ፣ መዋጮ አላጓደልኩም። ለቅሶ ቤቴ ከተቀመጠ ድንኳን የመትከል መብት አለኝ፣ ሜዳው ላይ። የወረዳውን ፈቃድ፣ የጎረቤትን ስምምነት፣ የመጸዳጃ ርቀት የሚጠይቀኝ የለም። አንቀጹን በገዛ እጄ መትቼዋለሁ።

በሰው እናት ሞት ጣራ ማበጀት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ኢ/ሩን ስሰድብ ከርሜ እኔም ቀዳዳ ፈላጊ ሆንኩ። ተይው። አልተጻፈም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 19፣ ማታ

አፈረሱት። እየዘነበ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጋዘኑ ዘበኞችና የቀን ሠራተኞች መጡ። ላስቲኩን በቢላ። ዕቃው ቦይ ውስጥ፣ ድስት፣ ፍራሽ፣ የሕፃን ጫማ። ሴቶቹ ይጮኻሉ። ገብሬ መሐል መንገድ ላይ የሰጠሁትን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቁጭ ብሏል፣ ብርድ ልብሱ ውኃ ያንጠባጥባል። ኢ/ሩ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። የግል ይዞታ ስለሆነ መ/ቤታችን ጣልቃ አይገባም አለ። ከዚያ፣ ስሚኝ፣ ሻዩ ስኳር አነሰው ብሎ መለሰው!

ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። ፈቃድ አልጠየቅኩም። ሙሉንና ገብሬን ታክሲ አሳፍሬ ቤቴ አመጣሁ። ሌሎቹ ለጊዜው ሱቆቹ በረንዳ ሥር ተጠጉ። ለሙሉ ዛሬ እዚህ እደሩ ብቻ አልኳት። ገብሬን ለብቻው ነጥዬ መርዶውን ነገ እዚህ እናርዳት፣ ቤት ይኸውልህ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። አለቀሰ።

ከዚያ ጋሽ ደጀኔ ዘንድ። መጀመሪያ ደንቡን አነሱ፤ ሴትዮዋ አባል አይደለችም። ለቅሶው የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው፣ እኔ አባል ነኝ አልኩ።  ጆሯቸውን አከኩ። መርዶው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እውነት ነው። «እንግዲያው ጥሩምባ ይነፋል፤ የሞተ ሰው ነዋሪ ነህ አይደለህም አይባልም» አሉ። የድንኳኑን ነገር አልነገርኳቸውም። የገባቸው ይመስለኛል። ወይም አልገባቸውም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ጎህ ሲቀድ ጋሽ ደጀኔና ሁለት ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። ሙሉ እሳት እያያያዘችልኝ ነበር። ጋቢያቸውን፣ ፊታቸውን አየች። ማንም አፉን ሳይከፍት ክብሪቱ ከእጇ ወደቀ።

ከዚህ ወዲያ መጻፍ ነውር ነው። እናቷን በስማቸው እየጠራች፣ የጓሮውን ዛፍ እየጠራች፣ ወልድያን እየጠራች። እኔም ለእናቴ አለቀስኩ። የራሴ እንባ እንደዚህ ይኖራል ብዬ አልገመትኩም።

ጥሩምባው ተነፋ። የእድሩ ወጣቶች ድንኳኖቹን አውጥተው ሜዳው ላይ ተከሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም። ዙሪያውን ቦይ ቆፈሩለት። ሣር ጎዘጎዙ። አስካለ ንፍሮ በትልቅ ድስት ይዛ መጣች። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ሙሉንም አቅፋ አለቀሰች። ሙሉ ያቺ በስብሰባው ከኋላ ቆማ የነበረችው መሆኗን አላወቀችም። ድሮውኑ መቼ አየቻትና?

ከሰዓት በኋላ የአጥሩ ሰዎች ሰምተው መጡ፤ ከነልጆቻቸው፣ ከተረፈው ፍራሻቸው ጋር። ሐዘንተኛ ብቻዋን አታድርም፤ ያድራሉ። የሚከለክል የለም። ዝናቡ መጣ። ድንኳኑ ያዘ።

ዓርብ፣ ሰኔ 21፣ ማታ

ሳቄን አፍኜ ነው የምጽፍልሽ፣ በለቅሶ ቤት መሳቅ ኃጢአት ነው።

የመ/ቤቱ ሰዎች እንደ ልማዱ በመ/ቤቱ መኪና መጡ። ለቅሶው ቤቴ መሆኑን መልእክት ልኬ ነበር። ኢ/ሩ ከፊት፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ። በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ማን እንደሞተ ጠየቀ። እናት አልኩት። የማን እናት እንደሆነች አልጠየቀም። እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የውነት እንባ! ገባ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ በቀኙ ጋሽ ደጀኔ፣ በግራው ገብሬ። ንፍሮ ዘገነ። ከገብሬ ጋር ስለ ክረምቱ አወሩ። ዘንድሮ ከበድ ብሏል ተባባሉ። ይህ ሳል መታየት አለበት፣ እርጥበት አያግኝህ ብሎ መከረው።

ሊወጣ ሲል ነው ያየው። ከወዲያ በኩል የተደረደሩትን ፍራሾች፣ የተሰጣውን የሕፃን ልብስ፣ ከዚያ ሙሉን፣ ጥቁር ለብሳ መሐል ላይ የተቀመጠችውን። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ቀላ። ሰው ሁሉ ያያል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይህ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው ሊል? አጎንብሶ ሙሉንም ያጽናሽ ብሎ ወጣ።

ሲመሽ ሁሉንም ለሙሉ ነገርኳት፤ አንቀጹን፣ ቁልፉን፣ ቅዳሜ ለት የመጣብኝን ሐሳብ። ይቅር ትለኛለች ብዬ ነበር።  «እናቴን ለጣራ ነው ያስለቀስሽልኝ?» አለችኝ።  ለሁለቱም ነው ማለት አማረኝ፣ አላልኩትም። ፊቷን አዞረች።

የሚገባኝ ነው። እንቅልፍ እምቢ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

ሦስተኛው ቀን። ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተመለስን። ሙሉ ጠዋቱን ሙሉ አላነጋገረችኝም።

ስምንት ሰዓት ላይ ወጣቶቹ ካስማውን ሊነቅሉ መጡ። እኔ ከሁሉም በፊት ተዘጋጅቼ ነበር፣ ዕቃ ቤቱን ከፍቼ። በቃ፣ ይነሳ ብያለሁ በልቤ፤ የእሷ እናት ናት፣ የእሷ ሐዘን ነው፣ እኔ ማን ነኝ?

ሙሉ ከፍራሹ አልተነሳችም።

ጋሽ ደጀኔ ጎንበስ ብለው ልጄ፣ ሦስት ቀን ሞላ አሏት። አልወጣልኝም አለች። «አባቴ፣ እናቴን ዓመት ሙሉ በሕይወት አለች ብዬ ኖሬያለሁ። የዓመት እንባ በሦስት ቀን አያልቅም። ሲወጣልኝ እነሳለሁ።» ከዚያ እኔን አየችኝ። ቀጥ ብላ። ጸብ የለበትም። ትንሽ ጠጋ ብላ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ እያለች በላይዋ ድንኳን የሚነቅል ማን ነው? ወጣቶቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ደጀኔ ጆሯቸውን አላከኩም ዛሬ። ካስማውን ተዉት አሉ። እንዲያውም ያ በስተ ምሥራቅ ያለው ላልቷል፣ አጥብቁት አሉ።

ዕቃ ቤቱን ቆለፍኩ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 23፣ ማታ 1 ሰዓት

አስካለ መጥታ እስከ መቼ ነው ብላ ጠየቀች። ሙሉን ጠይቂያት አልኳት። ገባች፣ ሙሉ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሳትጠይቅ ወጣች። ነገ ሽሮ ይዤ እመጣለሁ አለች። ደህና ሰው ሆናለች ብዬ አልጽፍልሽም። ለቅሶ ቤት ባዶ እጇን መግባት ስለማትችል ነው። ግድ የለም፣ ሽሮው ይምጣ።

አሁን የመ/ቤቱ ሾፌር ፖስታ አድርሶልኝ ሄደ። የኢ/ሩ የእጅ ጽሕፈት። ላፍቶ ሜዳ ላይ ያለው ድንኳን ይነሳ የሚል ለቀበሌውና ለፖሊስ የሚሄድ ደብዳቤ ረቂቅ ነው፤ ሰኞ በጠዋት ተመትቶ ይቅረብልኝ ይላል ከላይ በቀይ። አንብቤ ጨርሼ እጄን ታጠብኩ። አጣጥፌ ምድጃው ውስጥ ልጨምረው ነበር፣ ተውኩት። ይቀመጥ።

በሕይወቴ አልመታም ያልኩት ደብዳቤ የለም። ይመታ የተባለውን ሁሉ መትቻለሁ። ከሥራ ይባረር፣ ቤቱ ይፈረስ፣ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም፣ በሦስት ኮፒ። ሰለቸኝ ደብተሬ። አንገፈገፈኝ።

ገብሬ ደረቅ ሣር ላይ ተኝቷል። ይስላል፣ ግን ያንቀላፋል። ልጆቹ ካስማ ሥር ተደራርበው። ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል፣ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ሙሉ ነይ፣ ብርድ ነው ትለኛለች። ልሄድ ነው።

ነገ ቢሮ አልገባም። ሐዘን ላይ ነኝ። በደጄ የተለቀሰላት እናት የእኔም እናት ናት፤ ኢ/ሩ ራሱ መ/ቤቱ ሁሉ እያየ በሁለት እጁ ጨብጦ አጽናንቶኛል፣ ንፍሮዋን በልቷል። ደብዳቤውን ሌላ የሚመታለት የለም፤ ከሐዘኔ እስክወጣ ይጠብቅ። እስከ መቼ ነው ብሎ ቢልክብኝ መመሪያውን ያንብብ። ቀን አልተጻፈበትም።